ዳልቻና ጠያቂዎቿ

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ የደከማችሁም ተጋድማችሁ ስሙ፤ እኔም ደክሞኛል።

እንስሳ ሁሉ ይናገር በነበረበት ዘመን ዳልቻ የምትባል አሮጊት አህያ ነበረች። አንድ ጠዋት ልትነሳ ስትል እግሯ ከዳትና ወደቀች።

የበረቱ አለቃ በሬ፣ "እስኪመሽ ካልቆመች ለአያ ጅቦ ሜዳ ላይ እናወጣታለን፤ ደንባችን ነው" አለ።

ጎረቤት ሊጠይቃት መጣ። ጠያቂ መቼም መድኃኒት ሳይዝ አይመጣም።

ፍየል መጣች። "አያ በሬ፣ ምኗን ነው ያመማት?" አለች።

"እርጅና ነው።"

"እንግዲያው ኮሶ ትጠጣ።"

ዳልቻ ፍየል እንዳትቀየማት ጠጣች።

በግ መጣች። "እመት ፍየል፣ ምኗን ነው ያመማት?"

"እርጅና ነው።"

"እንግዲያው እንቆቆ ትጠጣ።"

ዳልቻ በግ እንዳትቀየማት ጠጣች።

ዶሮ መጣች። "እመት በግ፣ ምኗን ነው ያመማት?"

"እርጅና ነው።"

"እንግዲያው እሬት ትጠጣ።"

ዳልቻ ይህንንም ጠጣች። ከዚያ ራሷን ማንሳት አቃታት፤ በሬውንም በሟች ባሏ ስም ጠራችው።

"አእምሮዋም ሄደ" አሉ ሦስቱ፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ጠዋት የተነሳችው ኤሊ ደረሰች።

"እርጅና ነው" አሏት ገና ሳትቀመጥ።

"እናንተን ማን ጠየቃችሁ? እኔ ከሁላችሁም በዕድሜ እበልጣለሁ፤ ይኸው በእግሬ መጣሁ።" ወደ አህያዋ ጆሮ ተጠጋች። "ዳልቻዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

ኤሊ ጠበቀች፤ መጠበቅ ታውቅበታለች።

"ውሃ መጠጣት ትቻለሁ" አለች ዳልቻ በመጨረሻ። "ከጠጣሁ ሽንቴ ያመልጠኛል። መኝታውን ሳረጥበው ይስቁብኛል።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ መራራ ለምን ጠጣሽ?"

"ለኔ ብለው ይዘው መጥተው እንዴት እምቢ ልበል?"

"ውሃ በሌለው ሆድ ላይ ሦስት የሚያስቀምጥ መድኃኒት" አለች ኤሊ። "በዚህስ ወንዝም ይደርቃል። አንተ በሬ፣ ገንዳውን ወዲህ ግፋ።"

ዳልቻ ትንሽ ጠጣች፤ አረፈች፤ ደግማ ጠጣች። ሽንቷም አመለጣት። ዶሮ ልትስቅ አፏን ስትከፍት ኤሊ ዞር አለች።

"አንቺስ ኩስሽን በየደረስሽበት አይደል የምትጥይው?"

ሲመሽ አያ ጅቦ በሩ ላይ ቆመ። "ደረሰች?"

ዳልቻ እየተንቀጠቀጠች በአራት እግሯ ቆማለች። "ገና ነኝ" አለችው።

አያ ጅቦም ጉልበቱን እያሸ ተመለሰ፤ እሱም አርጅቷል፣ የሚጠይቀው ግን የለም።

እኔ ጨረስኩ፤ እናንተ ይህችን ያዙልኝ። አሮጊት ስትወድቅባችሁ አጠገቧ የቆመውን አትጠይቁ፤ ራሷን ጠይቋት። መልሷ ይዘገያል። ቆዩላት።