ከርከሮ ለጅግራ ሽማግሌ ላከ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። ድሮ ነው፣ እንስሳት ሽማግሌ ልከው በሚጋቡበት ዘመን።

በአንድ የቆላ ሸለቆ ጅግራ ትኖር ነበር። ማልዳ ትነሣለች፣ ጉብታዋ ላይ ትወጣለች፣ ያለፈውን ሁሉ በስሙ ጠርታ ሰላም ትላለች። ነብር ሲመጣም ቀድማ የምታየው እሷ ናት። እሷ ትጮኻለች፣ ሸለቆው ሁሉ ይሮጣል።

በዚያው ሸለቆ ከርከሮ ነበር። ከርከሮ ሁሉን መዝኖ የሚሠራ ነው፤ ጉድጓዱ እንኳ የሚገባው በኋላው ነው።

አንድ ጠዋት ጅግራ «እንዴት አደርክ፣ ከርከሮ» አለችው። ከርከሮ ቆም ብሎ አሰበ፤ ስሜን ጠራች አለ። በማግስቱ ጭቃ አንሸራቶት ሲወድቅ ከት ብላ ሳቀች። ሳቀችልኝ አለ። በሦስተኛው ቀን ነብር መጣና «ከርከሮ፣ ሩጥ» አለችው። እየሮጠ፣ እንድሞት አትፈልግም አለ። ጉድጓዱ ገብቶ ሦስቱን ነገር ደመረ፤ ሲደምረው ፍቅር ሆነለት።

ኤሊን፣ ዝንጀሮንና ጃርትን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። የጅግራ አባት በሕይወት ስላልነበረ እሷው ተቀበለቻቸው። ተቀመጡ ብትላቸው፣ እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ኤሊ ግን ይቁም ይቀመጥ የለየው አልነበረም።

ጅግራ መልእክቱን በትዕግሥት ሰማች። «አባቶቼ፣ ምን ብዬው ነው እንዲህ ያሰበው?» ብላ ጠየቀች።

«በስሙ ጠርተሽ ሰላም ብለሽዋል» አለ ኤሊ። ወዲያው ራሱን ወደ ቅርፊቱ ሰበሰበ፤ እሱንም በየጠዋቱ በስሙ ትጠራዋለችና።

«ስቀሽለታል» አለ ዝንጀሮ። እሱም ራሱን አከከ፤ በእሱ ቀልድ እንደ እሷ የሚስቅ አልነበረምና።

ጃርት ተራው ሲደርስ አንገቱን ደፋ። «ሩጥ ብለሽ አድነሽዋል። እኔንም እንዲሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በሚመጣው ሳምንት ሽማግሌ ልልክ ነበር።»

ዝንጀሮ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ጅግራም ልትስቅ ስትል፣ ሳቋ ሌላ ሽማግሌ እንዳያመጣባት ዋጠችው።

«አክብራችሁ መጥታችኋል፣ አክብሬ እመልሳችኋለሁ» አለች። «ሰላምታዬ ሰላምታ ነው፤ ሳቄም ሳቅ ነው። ባል ስፈልግ አፍ አለኝ፣ እናገራለሁ።»

ከርከሮ መልሱን ሲሰማ፣ አፍራ ነው አለ። በማግስቱ ጭቃ ተቀብቶ፣ አምሮበት፣ ጉብታው ሥር ቆመ። ጅግራ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም ሰላም ማለት ተወች፤ ሸለቆው ጭር አለ። ከርከሮ ግን ከጉብታው ሥር አልጠፋም።

አንድ ጠዋት ነብር በሣሩ ውስጥ ተደብቆ ወደ እሱ ሲሳብ አየች። ብትጮህ ይህንንም ይደምረዋል። ዝም ብትል ይበላል። ጮኸች።

«ከርከሮ፣ ሩጥ!»

ከርከሮ ቀና ብሎ ፈገግ አለ፤ ይኸው ተናገረች ብሎ እያያት ቆመ። ነብሩ ሲዘል፣ ከርከሮ ያኔ ነው የሮጠው። የነብሩ ጥፍር ጭራውን ቦጨቀው፤ እሱ ግን ነፍሱን አትርፎ ጉድጓዱ ገባ።

ነብሩ ሲሄድ ጅግራ ወደ ጉድጓዱ አፍ መጣች። «ምን ነበር ያልኩህ?»

«ሩጥ።»

«ሌላስ?»

ከርከሮ እያቃሰተ ብዙ አሰበ። «ሌላ ምንም አላልሽኝም» አለ።

«እሰይ» አለች። «በል እንግዲህ፣ እንዴት አደርክ?»

«ደህና፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ?» አለ። ሌላ አልጨመረም። ጅግራም እንደ ድሮው ጉብታዋ ላይ ወጥታ ሸለቆውን በየስሙ ትጠራ ጀመር።

ከርከሮ ከዚያ ወዲህ ሲሮጥ ጭራውን ሽቅብ ያቆማል፤ ቶሎ መሮጥ እንዳለበት እንዳይረሳ ነው። እናንተም ሰላም ያለቻችሁን ሰላም በሏት፤ ያላለችውን አትስሙ። ተረቴም በኋላው ጉድጓዱ ገባ።