ስርጉዷን በጭቃ የሸፈነችው ፒን

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ እናንተም የላም በረት በሉኝና ቀረብ በሉ። ላም ባይኖራችሁም ግድ የለም፤ ይህ ተረት የብረት ነው።

ድሮ፣ ብረት አፍ በነበረው፣ አውሬም መንጃ ፈቃድ በማይጠየቅበት ዘመን፣ አንድ ወንዝ ዳር አባ ቆፍር የሚባል እስካቫተር ይኖር ነበር። የአውሬዎቹን የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍረው እርሱ ነው። የምትነዳው እመት ጦጢት ናት፤ ዕቃ የሚሸከመውና የሚጎትተው አያ ጅቦ ነው። አባ ቆፍር ጎማ የለውም፤ በሁለት የብረት ሰንሰለት ይሄዳል። የሰንሰለቱን ቁራጮች እርስ በርስ የሚያያይዙት ደግሞ ፒን የሚባሉ ወፋፍራም የብረት ዘንጎች ናቸው፤ ወንድምና እህት ናቸው።

ፒኖቹ ማኅበር ነበራቸው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ታላቃቸው ጋሼ ድንበሩ፣ «ከገባንበት?» ይላል። ሁሉም፣ «አንወጣም» ይላሉ። ይህን ሳያስብል ሥራ አይጀመርም።

ከሁሉም ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትመልሰው እቴነሽ ነበረች። እቴነሽ ዐይነ አፋር ናት። የተማረችም ናት፤ ፋብሪካ ሳለች የሰንሰለት አፈታትና አገጣጠም መጽሐፍ ሲነበብ ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች። ግን መማሯን ለማንም አላወራችም፤ የተማረችው ስለ ራሷ ነበርና። ወንድሞቿና እህቶቿ በመጭመቂያ ተገፍተው ስለገቡ እውነትም አይወጡም። በየሰንሰለቱ ግን እንድትወጣ ተደርጋ የምትሠራ አንዲት ፒን አለች። ያቺ ፒን እርሷ ነበረች። ምልክቷም ግንባሯ ላይ ያለች ትንሽ ስርጉድ ናት።

እቴነሽ ስርጉዷን በየማለዳው በጭቃ ትለስናለች። ዝናብ ሲመጣ ሌሎቹ ዝገት ያስፈራቸዋል፤ እርሷ ጭቃዋ እንዳይታጠብባት ትሰጋለች። በዚያ ማኅበር መካከል «ትወጣለች» ከምትባል ብትሰበር ይሻላት ነበር።

አንድ ቀን እመት ጦጢት ለጅግሮች ልትታይ ብላ አባ ቆፍርን ወንዙ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ አሽከረከረችው። የእነ እቴነሽ ሰንሰለት ከመንኮራኩሩ ወለቀ። አባ ቆፍር አንድ ጫማው እንደወለቀበት ሰው ተንጋዶ ቆመ። ወዲያው ከተራራው በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ጎርፍ ሊመጣ ነው።

እመት ጦጢት ምን ነክቶት እንደቆመ ጠየቀችው። አባ ቆፍርም፣ «እኔን የነካኝ የለም እመቴ፤ የነዳሽኝ አንቺ ነሽ» አላት።

መጀመሪያ አያ ጅቦ መጣ። ሰንሰለቱን በጥርሱ ነክሶ ሳበ፣ ሳበ፣ ሳበ። ሰንሰለቱ አልተነቃነቀም፤ ጥርሱ ግን ተነቃነቀ። ይህ አጥንት መቅኔ የለውም ብሎ ተፋው።

ቀጥሎ መዶሻ መጣ። ሰንሰለቱ ተፈትቶ እንዲመለስ አንድ ፒን መውጣት አለበት፤ የሚመታው ይታየኝ አለ። እመት ጦጢት ብዙ የሚያወራው እርሱ ነው ብላ ጋሼ ድንበሩን አሳየችው። መዶሻ መታ፣ መታ፣ መታ። ጋሼ ድንበሩ አልወጣም፤ ራሱ ግን እንደ እንጉዳይ ተደፈጠጠ።

«አንወጣም አላልኳችሁም?» አለ፤ ድምፁ በአፍንጫው እየወጣ።

በሦስተኛው መጋዝ መጣ፤ ጥርሱን እያሳየ። እመት ጦጢት የእቴነሽን ጎረቤት፣ የሁሉንም ታናሽ ብርቄን መረጠችና እዚህ ጋ ይቆረጥ አለች። አባ ቆፍር ሰንሰለቱ ከተቆረጠ በኋላ በምን እንደሚያያዝ ጠየቀ።

«በልጥ እናስረዋለን» አለች እመት ጦጢት።

ውሃው ጠጠሩን መሸፈን ጀምሯል። መጋዙ ብርቄ ላይ ተቀመጠ። ብርቄ እቴነሽን ጠጋ አለቻት። 

«ብርቄን ተዉአት» አለች እቴነሽ። «እኔ... እኔ እወጣለሁ።»

መጋዙ ቆመ። ጋሼ ድንበሩ የተደፈጠጠ ራሱን ወደ እርሷ ለማዞር ሞከረ። «የት ነው የምትወጪው?»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። መጀመሪያውኑ እንድወጣ ነው የተሠራሁት። ግንባሬ ላይ ያለውን ጭቃ ያስጠርጉልኝ።»

አያ ጅቦ በምላሱ ጠረገላት። ስርጉዷ ታየች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን አብረሽን አንወጣም ስትዪ ነበር?» አለ ጋሼ ድንበሩ።

«አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው» አለች እቴነሽ።

ውሃው ከፍ አለ። እቴነሽም እያፈረች የተማረችውን ማስተማር ያዘች። በመጀመሪያ ውጥረቱ ይርገብ አለች፤ ሰንሰለቱን ገፍቶ የሚወጥረው ግሪስ በጎን በኩል ቀስ ተብሎ ይተንፍስ፤ ፊት ለፊት ማንም አይቁም። አያ ጅቦ ቅቤ የሚወጣ መስሎት አፉን ከፍቶ ፊት ለፊት ቆመ። ግሪሱ ፊቱን ለቅልቆ በቂጡ አስቀመጠው። ጨው አንሶታል አለ።

አባ ቆፍር በመቆፈሪያ ክንዱ መሬቱን ተደግፎ እግሩን አነሳ። መዶሻም እቴነሽ ጫፍ ላይ ዘንግ ደግኖ መታ። እቴነሽ ዐይኗን ጨፍና ወጣች። ስትገልጠው ሰማዩን ሙሉውን አየችው። ከዚያ በፊት ያየችው የወንድሞቿን ጎን ብቻ ነበር።

ሰንሰለቱ እንደ ቀበቶ ተፈታ። በመንኮራኩሮቹ ስር አንጥፈው በላያቸው መለሱትና አያ ጅቦ ሁለቱን ጫፎች ጥርሳሙ መንኮራኩር ላይ ስቦ አገናኛቸው። ቀዳዳዎቹ ትይዩ መሆናቸውን ሊያይ ጣቱን ሰደደ።

«ጣትህን አውጣ አያ ጅቦ» አለች እቴነሽ፣ በእመት ጦጢት እጅ ላይ ሆና። «ቀዳዳ በዘንግ እንጂ በጣት አይለካም። ወይስ ጣትህን እንደ ፒን እናስገባው?»

አያ ጅቦ ጣቱን ሳበ። ቀዳዳዎቹ በዘንግ ተስተካከሉ። እቴነሽ እንደ ሙሽራ ግሪስ ተቀባች፤ መዶሻም እንደ ሚዜ ቀስ እያለ መትቶ ወደ ቦታዋ መለሳት። እንዳትሾልክም ማቆሚያዋ ተደረገላት። ከዚያ ሰንሰለቱን እንዲወጥር ግሪስ ይሞላ ጀመር። እመት ጦጢት አሁንስ ጥርቅም ይበል ብላ ስትሞላ፣ ስትሞላ፣ እቴነሽ ከለከለቻት።

«ትንሽ ይርገብ እመት ጦጢት። የሚሄድበት ሰንሰለት ነው፤ ከበሮ አይደለም።»

አባ ቆፍር ተንቀሳቀሰ። ዳገቱን ወጣ። ጎርፉ ከኋላው ደርሶ መጋዙንና የእመት ጦጢትን ልጥ ጠራርጎ ወሰደ።

በማግስቱ ሞተሩ ተነሳ። እቴነሽ ጭቃ አልነካችም፤ ግን ከማኅበሩ የምትባረር መስሏት አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ጋሼ ድንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከገባንበት?»

«አንወጣም!»

«እቴነሽ ስትቀር» አለ ጋሼ ድንበሩ። ይህንንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይጨምር ውሎ አያውቅም። ብርቄ ደግሞ ለእኔም ስርጉድ አውጣልኝ ብላ መዶሻን ለመነችው። መዶሻ ግን ወደ ጋሼ ድንበሩ ራስ አመለከተና የእኔ የእጅ ሥራ ያ ነው፤ አስቢበት አላት።

ሁሉ «አልወጣም» ባለበት ቤት መጋዝ ይገባል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ መጀመሪያ ግን የእጃችሁን ግሪስ ታጠቡ።