ሐጂ አረቡ ከመኪናው ሥር ያገኙት

ከተራራ ግርጌ የተቆረቆረች፣ የመስጊዷ ሚናራ ከሩቅ ለሚመጣ መንገደኛ ቀድማ የምትታይ አንዲት የጥንት ከተማ አለች። የነገሩ ባለቤቶች ልጆች ዛሬም እዚያው ስለሚኖሩ ስሟን አልጠራም። በዚያች ከተማ ሐጂ አረቡ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በጉልምስናቸው የጭነት መኪና እየነዱ ቆላ ደጋውን ያዳረሱ፣ ከሐጅ ከተመለሱ በኋላ ግን ከመስጊዱ ብዙም የማይርቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው።

ከከተማዋ በታች ወንዝ ይወርዳል። በበጋ ልጆች እየዘለሉ ይሻገሩታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ማዶ ያሉ መንደሮችን ከጤና ጣቢያው ይቆርጣቸዋል። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው የመጡ ሰዎች ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አንድ ክረምት ራህመት የምትባል ወላድ እንዲሁ ስትጠብቅ ወንዙ ዳር ላይ አረፈች። ባሏ እብሬ ሬሳዋን ይዞ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ይህ ነገር ጀመዓውን፣ በመስጊዱ የሚሰግደውን ሕዝብ፣ አንገበገበው። ውሃና ድንጋይ የማይበግረው፣ አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ይገዛ ተባለ። ፍየሉን የሸጠ አለ፤ የማር ቀፎውን የሸጠ አለ፤ ሴቶቹ ከዕቁባቸው አዋጡ። አዲስ መኪና የማይታሰብ ስለነበር ያገለገለ ፈልጎ የመግዛቱ አማና፣ አደራው፣ በሐጂ አረቡ ላይ ወደቀ። ገንዘቡን የሚይዘው እህል ነጋዴው ሙሄ ሆነ።

ሐጂ መኪና ሲያዩ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ያዩት ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ጎንበስ ብለው አካሉን ከሥር የሚሸከመውን ብረት፣ ሻንሲውን፣ በጣታቸው ሲነኩት ዝገቱ እየተፈረፈረ ወረደ። የሁለተኛው ባለቤት የሞተሩ ሕመም እንዳይታወቅበት አስቀድሞ አሙቆ ጠበቃቸው። ሐጂ ኮፈኑን ከፍተው በእጃቸው ዳሰሱና «እስኪቀዘቅዝ ዱዓ እያደረግን እንጠብቃለን» አሉት። ሰውዬው ያኔ ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለው።

ከዚያ ሸምሱ የሚባል ደላላ ሐጂንና ሙሄን ወደ ወይዘሮ ሰዓዳ ግቢ ወሰዳቸው። ሰዓዳ ባሏ የሞተባት፣ አባት የሌላቸው የቲም ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ባሏ አላህ ይዘንለትና በረሃ ለበረሃ ሸቀጥ ያመላልስበት የነበረው መኪና እሱ ከሞተ ወዲህ በግቢው ቆሟል። ሸምሱ አስቀድሞ «ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ አልቋል፤ ለብረት ካልሆነ የሚፈልገው የለም» ብሏት ነበርና ዋጋውን ስትናገር አንገቷን ደፍታ ነው። የጠራችው ዋጋ ጀመዓው ከያዘው ገንዘብ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ሙሄ ዓይኑ በራ።

ሐጂ ግን ሥራቸውን ጀመሩ። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘው በጣታቸው አሹት፤ ውሃ አልገባበትም። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሱ፤ አንዴ አጓርቶ ተነሳ፤ ጭሱም ወዲያው ጠራ። ሻንሲው ያልተበየደ፣ ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራም ያልተሰበረ ነው። ከዚያ ሙሄን፣ ሸምሱንና ሰዓዳን አሳፍረው ከከተማው በስተጀርባ ወዳለው ድንጋያማ ዳገት ነዱት። መኪናው ዳገቱን ያለ ጭንቀት ወጣው። ነገር ግን ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ከሥሩ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ያሰማል።

«ይኸው፤ ካምቢዮ ማለት ይህ ነው» አለ ሸምሱ።

ሐጂ ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቁመው በጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረጉ፤ ጋቢያቸውን መሬት ላይ ዘርግተው በዚያ ዕድሜያቸው ከመኪናው ሥር ገቡ። ኃይሉን ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ በሁለት እጃቸው ይዘው ወዲያና ወዲህ አወዛወዙት። ያንኑ ድምፅ ሰጠ። የላላው የዘንጉ መጋጠሚያ ነበር፤ መካኒክ በግማሽ ቀን የሚቀይረው ትንሽ ዕቃ። ካምቢዮው ደህና ነው። ይህ መኪና ገና ብዙ ክረምት ያገለግላል።

ሙሄ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «አገኙት?» አላቸው።

«አገኘሁት።»

«ከባድ ነው?»

«ቀላል ነው። መኪናው ጤነኛ ነው።»

ሙሄ ወደ ሰዓዳ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው ዝም ይበሉ፣ ሐጂ። ዋጋውን የጠራችው እሷ ናት፤ እኛ አልዋሸንም። ደግሞ ለራሳችን አይደለም የምንገዛው፤ ለወላዶች ነው። በተረፈው መድኃኒት እንገዛበታለን።»

ሐጂ በኋላ ለደረሶች፣ ለመስጊዱ ተማሪዎች፣ ሲያጫውቱ፣ በሕይወታቸው እንደዚያች ቅጽበት የከበደቻቸው እንደሌለች ይናገሩ ነበር። ሙሄ ክፉ ሰው አልነበረም። ገንዘቡ የድሆች አማና ነው፤ አማና ደግሞ አይባክንም። ከመኪናው ሥር ተጋድመው፣ ፊታቸውን ከአላህ በቀር ማንም ሳያይ፣ የራህመት ቃሬዛ በዓይናቸው መጣ። ዝም ቢሉ የሚወቅሳቸው አልነበረም። የሚያውቅም አልነበረም።

ከሥሩ ወጡ። አቧራቸውን አራገፉና በቀጥታ ወደ ሰዓዳ ሄዱ።

«ልጄ፣ መኪናሽ አልሞተም» አሉ። «ካምቢዮው ደህና ነው። የሚጮኸው የዘንጉ መጋጠሚያ ነው፤ ማስቀየሩ ቀላል ነው። አሁን በጠራሽው ዋጋ ከሸጥሽው ተጎዳሽ።»

ሰዓዳ ቶሎ አልገባትም። ሸምሱን አየችው፤ ሸምሱ ሌላ ቦታ እያየ ነበር። «እርስዎ ቢሆኑ በስንት ይሸጡት ነበር፣ ሐጂ?» አለች።

ሐጂ ተገቢውን ዋጋ ነገሯት። ሙሄ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ዋጋው ጀመዓው ከያዘው በላይ ነበርና።

«እኛ ያን ያህል የለንም» አሉ ሐጂ። «በዚህ ዋጋ የሚገዛው ግን አታጪም። አትቸኩዪ፤ የልጆችሽ ሐቅ ነው።»

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በማግስቱ አንድ ሀብታም ነጋዴ ሙሉውን ዋጋ ይዞ ሰዓዳ ደጅ ቆመ። በየሱቁም «ሽማግሌው አረጁ፤ ገዢ ሆኖ ለሻጭ የሚከራከር የት ታየ?» ይባል ጀመር። ክረምቱም እየደረሰ ነበር።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሐጂ አረቡ ተነሱ። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ። «የላካችሁኝ መኪና እንድገዛ ነበር፤ አልገዛሁም። ገንዘባችሁ እንዳለ ሙሄ ዘንድ ነው። ሌላ ሰው ምረጡ፤ አልቀየምም» ብለው ተቀመጡ።

ከሰጋጁ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ አንዳንዱ ሙሄን አየ። ከኋላ ሰልፍ ሰው ተነሳ። እብሬ ነበር፤ የራህመት ባል። ብዙ ሰው፣ ይህስ ቢቆጣ ይገባዋል ብሎ አሰበ።

«እኔ መኪናው ከማንም በላይ ያስፈልገኝ ነበር» አለ እብሬ። «ለእኔ ሳይደርስ ቀርቷል። ነገር ግን ሐጂ ዝም ብለው ገዝተውት ቢሆን ኖሮ፣ ያ መኪና በደጄ ባለፈ ቁጥር የሰዓዳ ልጆች ይታዩኝ ነበር። የእኔም ልጆች እናት የላቸውም። የየቲም ሐቅ ተቀንሶበት ለሚስቴ ነፍስ ሰደቃ እንዲሆንላት አልፈልግም።» ይህን ብሎ ወደፊት መጣና ለክረምቱ ዘር መግዣ የያዘውን ከኪሱ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አኖረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዩት ሁሉ ሲያወሩት ድምፃቸው ይቀየራል። ሰው እየተነሳ አኖረ። ሙሄ ተነሳና ከሁሉም አብልጦ አኖረ፤ ሲመለስም የሐጂን እጅ ሳመ። ወሬው ገበያ ደረሰና ክርስቲያን ጎረቤቶችም ወደ መስጊዱ በር እየመጡ ሰጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገንዘቡ ሞላ።

ሐጂ ሰዓዳ ዘንድ ሲደርሱ ለነጋዴው እንዳልሸጠችለት ነገረቻቸው። «እርስዎን ስጠብቅ ነበር» አለች። «ለእናንተማ ዋጋውን እቀንሳለሁ።»

«አይሆንም» አሉ ሐጂ። «ሙሉውን ተቀበዪ። ከዚያ በኋላ የምትሰጪው ካለ የራስሽ ነው።»

ሰዓዳ ሙሉውን ተቀበለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ባሏ ያስቀመጣቸውን ሁለት ያልተነኩ ጎማዎችና ወፍራም የመጎተቻ ሰንሰለት አስወጣች። «ይህ ከልጆቼ አባት ሰደቃ ይሁን» አለች።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማዶ ጩኸት ተሰማ፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ወንዙ ዳር ደርሳለች። ውሃው እግረኛ የሚወስድ ነበር። መጋጠሚያው ተቀይሮለት የነበረውን መኪና ሐጂ ራሳቸው ያዙት። ጥልቀቱን በረጅም እንጨት አስለኩ፤ ቢስሚላህ ብለው በከባድ ማርሽ ቀስ እያሉ ገቡ። ውሃው በሮቹን መታ፤ መኪናው አንዴ ወደ ጎን ተንሸራተተና ድንጋዩን ነክሶ ወጣ። ሲመለስ ወላዷ ከኋላ ተጋድማ፣ ከተሸካሚዎቿ አንዱ የነበረው እብሬ ከጎኗ ተቀምጦ ቃሬዛውን ደግፎ ነበር። አራቱ ጎማ የከተማውን ዳር ሲረግጥ በሁለቱም ዳርቻ የቆመው ሕዝብ በአንድ ድምፅ «አላሁ አክበር» እያለ ተክቢራ አሰማ። እልልታውም ከተራራው ላይ ተሰማ። ከመግሪብ ሰላት በፊት ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትየውም በሰላም ተገላገለች። አልሐምዱሊላህ።

በዚያ ምሽት ሙሄ ሐጂን እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦ «ያን ቀን ከመኪናው ሥር ሳሉ እውነቱን ለመናገር ያስወሰነዎት ምን ነበር?»

ሐጂም «ያገለገለ ዕቃ ስንገዛ ጉድለቱን ካገኘን አንደብቅም፤ ዋጋ እናስቀንስበታለን። ደህንነቱን ስናገኝ ዝም ካልን ግን ምላሳችን የማን ሎሌ ነው?» አሉ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ሻጭ ነውር አይደብቅ ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ገዢም የሚደብቀው ነገር እንዳለው ግን ስንቶቻችን አስበናል? ከማያውቅ ሰው ላይ በዝምታ የወሰድነው ነገር ዋጋው ተከፍሎ አላለቀም። ሙሄ ያለው ውሸት አልነበረም፤ ሰዓዳ ዋጋዋን በገዛ አፏ ጠርታለች። ሐጂ አረቡ ያዩት ግን ዋጋውን የጠራው አፏ ሳይሆን አለማወቋ መሆኑን ነው። መልካም ሥራ በተበደለ ሰው ትከሻ ላይ እንዲቆም አልፈቀዱም። አላህም አላሳፈራቸውም፤ ያ መኪና ወንዙን በተሻገረ ቁጥር ከሰዓዳ ልጆች ጀምሮ እስከ ማዶ ሰው ድረስ አንድም ቅር ያለው ሰው አልነበረም። ሁሉም የእኔ ነው ብሎ ይጠብቀው ነበር።