ቀይ ምልክት ያለበት የቡና መፍጫ

አንድ ሰው ነበረ፤ ቡና የማይጠጣ። የደም ግፊት አለብህ ተብሎ ከተወው ሃያ ዓመት አልፎታል። ሚስቱ ግን ያለ ቡና ቀኑ የማይነጋላት ሰው ነበረች። ታዲያ ሁልጊዜ ከሥራ መልስ ሰፈራቸው ባለች አንዲት ካፌ ጎን ለጎን ይቀመጡና፣ እሷ ጠቆር ያለ ማኪያቶዋን፣ እሱ ሻዩን ይዘው ያወጋሉ። ንጋቱ፣ ስለ ሚስትህ የጠየቅከኝን ረስቼ ስለ ካፌ የማወራ እንዳይመስልህ፤ ታገሰኝ።

በኋላ ሴትዮዋን እግሯን አመማት። ቤታቸው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለውም። መውረድ አቃታት። መጀመሪያ ከሰው ጋር ማውራት ተወች፣ ቀጥሎ ምግብ ቀነሰች፣ በመጨረሻ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል ጀመረች። ባልየው ፈራ። ዓይኔ እያየ ልታልቅብኝ ነው አለ። ከእሷ ሌላ ሰው የለውማ!

እንግዲያው ካፌውን እቤት አመጣዋለሁ ብሎ ተነሳ። ስለ ቡና ማሽን አንዳች የማያውቅ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። አንዱ ሻጭ ይሄ ሁለት ማሞቂያ አለው፣ አንዱ ለቡናው አንዱ ለወተቱ ይለዋል፤ ሌላው ማሞቂያውን ተወውና ግፊቱን እይ ይለዋል። እሱም እንደ ተማሪ ሁሉንም በደብተር ይጽፋል። በመጨረሻ የዚያችን ካፌ የማሽን ሠራተኛ፣ ሽበታሙን ሰውዬ አማከረ። ሰውዬው ሳቀበትና፣ ማሽኑ ውሃ ከመግፋት ሌላ ብዙም ሥራ የለው፣ ጣዕሙን የሚያወጣው መፍጫው ነው፤ መፍጫው ላይ እንዳትሰስት አለው። በየጠዋቱም እየቀመስክ ታስተካክለዋለህ ብሎት ነበር። የኛ ሰው የመጀመሪያውን ሰማ፤ ሁለተኛው ጆሮው አልገባም። ያለውን ጥሪት አራግፎ፣ ከማሽንም ከመፍጫም አለ የተባለውን ገዛ።

የካፌው ሰውዬ መጥቶ ገጠመለት። ቡናው እንዲደቅ ወይም እንዲሻክር የሚያደርገውን የመፍጫውን ባለቁጥር ቀለበት ወዲህ ወዲያ እያዞረ አስተካከለና አንድ ማኪያቶ ሠራ። ሴትዮዋ ቀመሰችና ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ ሳቀች! ባልየው በደስታ የሚሆነውን አጣ። ያቺ ጣዕም እንዳታመልጠው ብሎ የሚስቱን ቀይ የጥፍር ቀለም አነሳና፣ መፍጫው የቆመበት ቁጥር ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይነካው ከለከለ።

ቡና ግን እንደዚያ አይደለም። የዛሬው አቆላል ከትናንቱ ይለያል፣ ሲሰነብት ይደክማል፣ ዝናብ ሲመጣ እርጥበት ይገባዋል። ክረምቱ ሲገባ ቡናው ከማሽኑ እየተንቀረፈፈ ይንጠባጠብ ጀመር፤ እንደዚያ የሚንጠባጠብ ቡና ደግሞ ይመራል። ባልየው አይቀምስ፣ በምን ይወቅ? በየጠዋቱ ስኒውን ያቀብላትና ጥሩ ነው አይደል ይላታል። ጥሩ ነው ትለዋለች። ቀስ በቀስ ግማሹን ታስቀር ጀመር፤ ፊቷም ወደ ግድግዳው ተመለሰ። እሱ ምን ያደረገ ይመስልሃል? ማሽኑን ወለወለ። ሲብስበት ደግሞ፣ ከዚህ የሚበልጥ ማሽን ይኖር ይሆን ብሎ ሻጩ ጋ ደወለ።

አንድ ጠዋት ያስቀረችውን ሊደፋ ሲል እጁ ቆመ። ሐኪሙንም ግፊቱንም ረስቶ ተጎነጨው። እንደ ኮሶ መረረው። ይህን ሁሉ ቀን ይህን ስትጠጣልኝ ነው የከረመችው ብሎ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«እንዴት ነው ብለህ መቼ ጠየቅከኝ?» አለችው እጁን ይዛ። «ጥሩ ነው አይደል ነው የምትለኝ። ያን ያህል ደክመህ፣ አይደለም ልበልህ?»

ምልክቱን በቢላ ፋቀው። መፍጫውን ተሸክሞ አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠና፣ ቀለበቱን ጥቂት ጥቂት እያዞረ፣ እየሠራ ያቀርብላት ጀመር። አሁንስ እንዴት ነው ይላታል። ገና ነው ትለዋለች፤ ይደፋዋል። አሁን ደግሞ ቀጠነ ትለዋለች፤ ይደፋዋል። አምስተኛውን እስከ አተላው ጨረሰችው። ከዚያ፣ ሳይጠይቃት፣ ስለ እግሯ ታወራው ጀመር። ያን ደረጃ ዳግመኛ ሳልወርደው እሞታለሁ ብላ እንደምትፈራም ነገረችው። እስከ ምሳ ድረስ ሲያወሩ ቆዩ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ንጋቱ። ምን አጉድዬባት ነው ሚስቴ ዝም ያለችኝ ብለህ ጠየቅከኝ። ምንም አላጎደልክም፤ ቤቱም ሙሉ ነው፣ አንተም ደግ ነህ፣ አውቅሃለሁ። ግን በሠርጋችሁ ዓመት የምትወደውን አወቅህና ምልክት አደረግህበት። ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲህ ሁለት ወልዳለች፣ እናቷን ቀብራለች። አንተ ስትገባ ደህና ነሽ አይደል ትላታለህ፤ እሷም ደህና ነኝ ትልሃለች። መራራውን እየጠጣችልህ ነው እኮ! ስለምትወድህ ነው የምትጠጣው፤ ግን እስከ መቼ? በል ተነስ፣ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ። ግባና እንዴት ነሽ በላት። ከዚያ አፍህን ዝጋና ጠብቅ፤ ገና ነው ብትልህም አይክፋህ።