የመድኑ ፊርማ

የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ሳንባዬን ታምሜ አቋረጥኩ። ኮሌጁ የተከፈለውን አልመለሰም። የከፈለልኝ አጎቴ ምንተስኖት ነበር፤ ላዳውን ሸጦ።

ሲሻለኝ እንደገና ልክፈልልህ አለ። ከዚህ በኋላ ግን የምሸጠው የለኝም አለ። ኮሌጁ መጀመሪያ ስንከፍል ያልሰማነው መድን ነበረው። ክፍያው ላይ ትንሽ ጨምሮ መድን የገባ ተማሪ ታሞ ቢያቋርጥ ክፍያው ይመለስለታል። ካልታመመ የጨመረው ቀለጠ ማለት ነው። የቱ እንደሚሻል አላውቅም ነበር። ሳንባዬን ግን አውቀዋለሁ። የሚፈርመው ከፋዩ ስለሆነ የፈለግሁት የአጎቴን አንድ ፊርማ ነው። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።

አጎቴ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር እንደተኛ ሰማኝ። ለሞተር መድን ሲገባ አይቻለሁ፣ ለሳንባ ግን አላየሁም ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። እናትህ ሟርት አመጣህብኝ ትለኛለች፣ እሷን ጠይቅ አለኝ። እናቴ እሺ ካላለች አጎቴ አይፈርምም፤ አጎቴ ካልፈረመ መድን የለም።

እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«ሳትጠራው መጥቶብህ ነበር። አሁን ደግሞ ከፍለህ ልትጠራው ነው?»

የነፍስ አባቷ አባ ኅሩይ ካልፈቀዱ አይሆንም አለች። አባ ካልፈቀዱ እናቴ እሺ አትልም፤ እናቴ እሺ ካላለች አጎቴ አይፈርምም፤ አጎቴ ካልፈረመ መድን የለም።

አባ ኅሩይ ብዙ ጠየቁኝ። ገንዘቡን ማን ይይዘዋል? ያልታመመው ሰው የከፈለው የት ይገባል? የማላውቀውን አላውቅም አልኳቸው። ለክፉ ቀን የሚዋጣ ነገር የሚገባቸው የእድሩ ዳኛ ጋሽ በላቸው ናቸው፣ እሳቸው ይፍረዱ አሉ። ዳኛው ካልፈረዱ አባ አይፈቅዱም፤ አባ ካልፈቀዱ እናቴ እሺ አትልም፤ እናቴ እሺ ካላለች አጎቴ አይፈርምም፤ አጎቴ ካልፈረመ መድን የለም።

ጋሽ በላቸው የእድሩን ድስቶች እያስቆጠሩ አገኘኋቸው። ዳኛ ያለ ምስክር አይፈርድም አሉ። ባለሱቋ እትዬ ማንጠግቦሽ አምና ለልጃቸው መድን ገብተው ነበር። ልጅቷ አልታመመችም። ገንዘቡ ቀለጠ፤ ሰፈሩም «ባለመድን» እያለ ሳቀባቸው። ይቆጫቸው እንደሆነ ጠይቅ ተባልኩ። እትዬ ማንጠግቦሽ ካልተናገሩ ዳኛው አይፈርዱም፤ ዳኛው ካልፈረዱ አባ አይፈቅዱም፤ አባ ካልፈቀዱ እናቴ እሺ አትልም፤ እናቴ እሺ ካላለች አጎቴ አይፈርምም፤ አጎቴ ካልፈረመ መድን የለም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ሱቃቸው ውስጥ ስኳር እየመዘኑ ነበር።

«አንተም ልትስቅ ነው የመጣኸው?»

አይደለም አልኳቸው። ይቆጭዎታል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሚዛኑን ለቀቁት።

«ስንት ዘመን እድር ከፈልኩ። ድንኳኑ ደጄ ላይ የተተከለው አንድ ቀን ነው፣ ባሌ የሞተ ለት። የከፈልኩት ሁሉ ውሃ በልቶት ያ ድንኳን ባይተከል እወድ ነበር። የልጄም ያው ነው። ሳይመለስልኝ በመቅረቱ ደስ ብሎኛል።»

ይህን ለዳኛው ልንገር ስላቸው ምስክር ቃሉን በልጅ አይልክም አሉኝ። ሱቁን ዘግተው ተከተሉኝ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ተናገሩ። ጋሽ በላቸው ሰሙና «እድር ሞትን ጠርቶ አያውቅም፤ መድንም በሽታን አይጠራም» ብለው ፈረዱ። ዳኛው ቢፈርዱ አባ ፈቀዱ፤ አባ ቢፈቅዱ እናቴ እሺ አለች፤ እናቴ እሺ ብትል አጎቴ የእጁን ግራሶ ጠርጎ ፈረመ። መድኑ ተገባ። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ታመምኩ።

እናቴ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ «ጠራነው እንዴ?» አለች።

«አልጠራነውም። ያው የድሮው ነው» አልኳት።

ትምህርቱን አቋረጥኩ፤ ክፍያው ተመለሰ። በዚያው ገንዘብ መስከረም ላይ እንደገና ተመዘገብኩ። ዓመታት ወሰደብኝ፤ ጨረስኩ።

ስመረቅ አጎቴ በሕይወት አልነበረም። አባ ኅሩይም፣ ጋሽ በላቸውም አልነበሩም። እናቴና እትዬ ማንጠግቦሽ ነበሩ።