ከባዶ ቢከር የፈሰሰው አሲድ

አንድ ቀን፣ አሥረኛ ክፍል ሳለን፣ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ጋሼ ጓንጉል የላብራቶሪ ፈተና ሊፈትኑን ተነሡ። ጋሼ ጓንጉል የሚሳሱለት ነገር ቢኖር ኬሚካል ነበር። ጠርሙሶቹን ከነማሸጊያቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው፣ «እናንተ ከጨረሳችሁት ከእናንተ በኋላ የሚመጡት በምን ይማሩ?» ይሉናል። ከእኛ በፊት የነበሩትም ይህንኑ ተብለው ነው ትምህርት ቤቱን የጨረሱት።

ስለዚህ ሙከራውን የምንሠራው በባዶ ዕቃ ነበር። ባዶውን ቢከር በሁለት እጃችን ይዘን ቀስ ብለን እንራመዳለን። እንፋሎቱ ዓይናችን ውስጥ እንዳይገባም ፊታችንን እናዞራለን። ያልተጠነቀቀ ማርክ ይቀነስበታል።

የመጀመሪያው ተፈታኝ አዝመራው ነበር። ይህን ፈተና ከወደቀ ክፍል ይደግማል፤ አባቱ ደግሞ «ከደገምክ ትምህርቱ ይቅርና ወፍጮ ቤት ትገባለህ» ብለውታል። ይህን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ማንም የማያውቀው፣ ለራሱ ለአዝመራውም እስከ ዛሬ ያልነገርኩት አንድ ነገር ግን ነበር፤ ልጁን እወደው ነበር። ስሙ በተጠራ ቁጥር እርሳሴን ጥዬ ላነሣ አጎነብሳለሁ፣ ፊቴ እንዳይታይ። ይኸው፣ ተናገርኩት።

«በል፣ አሲዱ ላይ ቤዝ እየጨመርክ ኒውትራል አድርገው» አሉት ጋሼ።

አዝመራው ከአንዱ ባዶ ቢከር ወደ ሌላው ባዶ ቢከር ጠብ፣ ጠብ ሲያደርግ ቆየና፣ በመጨረሻው ላይ ክርኑ ነካውና ቢከሩ ተገለበጠ።

«አሲድ! አሲድ!» ጋሼ ጓንጉል ወደ ኋላ ዘለሉ። «አንቺ! እግርሽን! እግርሽን ሰብስቢ!»

እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ አግዳሚው ላይ ወጣሁ።

«ስንት ዘመን የጠበቅኩትን አሲድ! ጠረጴዛውንም አቃጠልከው! ዜሮ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ፈሰሰና?»

«ምን ፈሰሰና? ዓይን የለህም እንዴ? እስከ መሬት ወርዷል!»

«በል አዝሜ፣ ወፍጮው ይጠብቅሃል» አለ ከኋላ አንዱ።

አዝመራው ጠረጴዛውን ትክ ብሎ አየ። በዚያ ክፍል ውስጥ እርጥብ ነገር ቢኖር የእሱ ግንባር ብቻ ነበር። እኔ አግዳሚው ላይ እንደ ቆምኩ፣ ምነው አንድ ነገር በተናገረ እያልኩ እጸልያለሁ።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የፈሰሰውስ አሲድ አይደለም። ከመገልበጡ በፊት ቤዙን ጨምሬ ጨርሼ ነበር። አሲድና ቤዝ በልካቸው ሲገናኙ ጨውና ውሃ ይሆናሉ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ካላመኑኝ ይቅመሱት።»

ጋሼ ጓንጉል «የሚቀመስ ነገር የለም» ካሉ፣ የፈሰሰም ነገር የለም ማለት ነው። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ደረቁን ጠረጴዛ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ላሱት። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት አጣጣሙ።

«ጨው አብዝተሃል» አሉና አንድ ማርክ ብቻ ቀነሱበት።