የዶሮዋ ጸሎትና የጭልፊቱ ጥላ

ተረቴ መጣች ክንፏን አንጠልጥላ፤ ጠጋ ጠጋ በሉላት፣ ትቀመጥ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ጎረቤት በሚጠያየቁበት ዘመን፣ በአንድ አገር ክፉ ድርቅ ገባ። ሰዎቹ ከብቶቻቸውን እየነዱ ውሃ ወዳለበት ተሰደዱ። ከአንድ ቤት ግን ሁለት ቀሩ። አንዷ እመት አህያ ናት፤ አርጅታለች፣ እግሯም ያነክሳል፣ መንገድ አትችልም ተብላ ቀረች። ሌላዋ እመት ዶሮ ናት፤ ዕንቁላል ታቅፋ ነበርና "የታቀፈች ዶሮ አትነሳም" ብለው ትተዋት ሄዱ።

ዶሮዋም ጫጩቶቿን ፈለፈለች። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ደስታዋን ፍርሃት በላባት። አምና ጭልፊት አንድ ልጇን ከዓይኗ ሥር ነጥቆባት ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ልጆቿን ጎተራው ሥር ወሽቃ ንቅንቅ አታደርጋቸውም። ነፋስ ሽው ሲል "ጭልፊት!"፣ ቅጠል ኮሽ ሲል "ጭልፊት!"፣ አህያዋ ስታነጥስ እንኳ "ጭልፊት!"

"ኧረ እኔ ነኝ አንቺ ልጅ! ከመቼ ወዲህ ነው ጭልፊት የሚያነጥሰው?" ትላታለች አህያዋ።

በገንቦ ስባሪ ላይ የቀረች ጥቂት ውሃ ነበረች። እሷም እያደር አለቀች። ምንጩ ያለው ከማሳው ማዶ ነው፤ ማሳው ደግሞ ዛፍ የለው፣ ቁጥቋጦ የለው፣ እንደ መዳፍ የተራቆተ ነው። ዶሮዋ ጨነቃት፤ አንጋጠጠችና ጸለየች።

"አምላኬ ሆይ፣ ይቺን ፀሐይ አጥፋልኝ! ምንጩን እዚህ ጎተራው ሥር አምጣልኝ! ጭልፊቱንም አሳውርልኝ! ደሞ አንዱም እንዳይቀር!"

አህያዋ ይህን ሰምታ ሳቀች። "አሁን ይሄ ጸሎት ነው ወይስ ለሎሌ የሚሰጥ ትእዛዝ?"

"ምን ላድርግ እማማ? ልጆቼ በውሃ ጥም ሊያልቁ ነው!"

"እንሂዳ፣ ወደ ምንጩ።"

"ጭልፊት ቢመጣስ?"

"ባይመጣስ?"

"ቢመጣስ!"

"አሁንስ አበዛሽው! ቀን ሙሉ ወደ ላይ ታንጋጥጫለሽ፤ ላይ ያለው ጭልፊት ብቻ ነው እንዴ?"

ይሄኔ ትንሿ ጫጩት ወደ ስባሪው ሄዳ ደረቁን ሸክላ በአፏ ጠቅ ጠቅ አደረገችው። ምንም የለም። ቀና ብላ እናቷን አየቻት፤ ልትጮህ አፏን ብትከፍት ድምፅ አልወጣትም።

ዶሮዋ ክንፏን አራግፋ ተነሳች። "በል እንግዲህ ፈጣሪዬ፣ የሰጠኸኝ አንተ ነህ፤ አንተን ይዤ ወጣሁ" አለችና ልጆቿን አስከትላ ወጣች። እመት አህያም እያነከሰች ከጎናቸው ሆነች።

"ቀስ ብለሽ መሄድሽ በጀን እማማ" አለች ዶሮ።

"አየሽ? የአንካሳ አህያና የጫጩት እርምጃ አንድ ነው። እግሬ ደህና ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ከሰዎቹ ጋር ነበርኩ፤ ማን ያጅብሽ ነበር?"

ጥቂት እንደሄዱ፣ "ጭልፊት ቢመጣስ?" "ባይመጣስ?" ማሳው እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ደግሞ፣ "ጭልፊት ቢመጣስ?" "ባይመጣስ?" እንዲህ ሲባባሉ ምንጩ ዳር ደረሱ። ጫጩቶቹ ጠጡ፤ ትንሿም ድምፅዋ ተመለሰላት።

ዶሮዋ ግን ማጉረምረም አልተወችም። አንገቷን ደፍታ፣ "ፀሐይዋን አጥፋልኝ ብዬው ነበር፣ ይኸው ጀርባዬን ትጠብሰኛለች። ወይ አልሰማኝ፣ ወይ..." ስትል ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። በነጣው መሬት ላይ አንድ ጥቁር ነገር ወደነሱ እየተንሸራተተ ሲመጣ አየች። የጭልፊት ጥላ ነው!

"ልጆቼ! እማማ ሥር! ቶሎ!"

ጫጩቶቹ ተንጫጭተው አህያዋ ሆድ ሥር ገቡ። ጭልፊቱ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ ቢወርድ፣ የጨበጠው የአህያ ጭራ ሆነ። በንዴት ተቃጠለ።

"እመት አህያ! ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ጫጩት የምትፈለፍዪው?"

"እግዜር ሲሰጥ ዕድሜ አይጠይቅም ልጄ" አለችና በደህናው እግሯ አንድ ጊዜ አቀመሰችው። ጭልፊቱ ላባውን አራግፎ፣ ጥቂት የጭራ ፀጉር ይዞ በረረ።

ዶሮዋ ልጆቿን አንድ ባንድ አየቻቸው። አንድም አልጎደለም።

"መጣ አይደል?" አለቻት አህያዋ።

"መጣ እማማ። ግን ጥላው ቀድሞት መጣ።"

"ጥላውን ማን አሳየሽ?"

ዶሮዋ አፈረች። "አጥፋልኝ ያልኳት ፀሐይ..."

"እንኳን ያልሽውን ሁሉ አልሰማሽ!"

ዝናቡ እስኪመለስ፣ ሰዎቹም እስኪመጡ ድረስ ዶሮና አህያ በየቀኑ ወደ ምንጩ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ዶሮ አንድ ጊዜ ጎንጨት ካለች፣ ሳታንጋጥጥ አትደግምም።

"አሁን ደግሞ ማንን ነው የምታዪው?" ብላ አህያዋ ብትጠይቃት፣

"ጌታዬን እያመሰገንኩ ነው" አለች።

"ጭልፊቱን ብታዪስ?"

"ቶሎ አመሰግንና እሮጣለሁ!"

ተረቴ ጠጥታ ረክታ ሄደች፤ እናንተም ውሃ ስትጠጡ ቀና በሉ።

ከላይ ጭልፊትን ያበረረ፣ ከታች ጥላውን ያስቀድማል።